ቧንቧው የሚታጠፍበት

ኦሩሮ፣ ጁን 27 ቀን 1992

ውድ ወንድሜ ፈርሚን፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስህ መርፌህ ሳይሰበር፣ ወገብህ ሳይቆረጥምህ፣ ከባለቤትህ ከኖርማና ከልጆችህ ጋር በጤና ታግኝህ። እኛ ከናፍቆትህና ከፈነዳው ቧንቧ በቀር ደህና ነን። ናፍቆቱን ለምደነዋል፤ ቧንቧው ግን አዲስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነልህ። የቅዱስ ዮሐንስ ለት የወረደውን ውርጭ ብታየው ኖሮ ለቦነስ አይረስህ ሻማ ታበራላት ነበር። መንገዱ ሁሉ የበዓሉ እሳት ነድዶበት፣ ፊታችን ሲጠበስ ጀርባችን በረዶ ነው። በማግስቱ ባልዲዬን ይዤ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ብሄድ እንደ ሽማግሌ ክህ ክህ ከማለት በቀር ጠብ የሚል ነገር የለም። "በረዶ ይዞታል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል" ብዬ ተመለስኩ። ፀሐይ አገኘው፤ ለቀቀም። ግን የለቀቀው በአፉ መሰለህ? በእማማ መኝታ ክፍል ግድግዳ ሥር ነው!

ግድግዳችንን ታውቀዋለህ፤ አያታችን በእግሩ ረግጦ የሠራው የጭቃ ጡብ ነው። ትኩስ የበቆሎ አፒ ውስጥ እንደነከሩት ዳቦ ከሥሩ እየራሰ ነው። እማማን "ነይ እኔ ክፍል ተኚ" ብላት "ባሌ የሞተው በዚህ አልጋ ነው፤ እኔም ከዚሁ አልነሳም" አለችኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት እንደ በቅሎ ስትገትር ምን ይደረጋል?

ከመንገድ በኩል እንዳልዘጋው መስመራችን ከጎረቤታችን ከዶኛ ጉሜርሲንዳ ጋር አንድ ነው፤ እኛ ስንዘጋ እሷም ትደርቃለች። እማማ "የባሌን የማዕድን ቆብ ሰርቀሻል" ብላ ከወነጀለቻት ጊዜ ጀምሮ፣ ማለት ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ፣ ከኛ ቤት ጋር አትነጋገርም። የምታናግረን በውሻዋ በኩል ነው። ትናንት በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና "አንተ ካፒታን፣ ለዚያች ሴትዮ ንገራት፤ የምትዘጋ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ትክፈትልኝ" አለችው። እኔም "ካፒታን፣ እሺ ብላለች በላት" አልኩት። ምስኪን ውሻ፣ አንዴ ወደሷ አንዴ ወደኔ እያየ አንገቱ ሊቀጭ ነው። ስለዚህ ጠዋት ለአንድ ሰዓት እንከፍታለን፤ በዚያች አንድ ሰዓት ግድግዳው ይጠጣል።

እንግዲህ ልብ ብለህ ስማኝ፦ ገንዘብ አልጠየቅኩህም። ቦዩን በ1970 የቆፈርከው፣ ቧንቧውን ያስገባኸው፣ የደፈንከውም አንተ ነህ። ከበሩ ተነስቶ በየት በኩል ነው የሚሄደው? ይህችን ብቻ ጻፍልኝ። ደብዳቤውን ለነጋዴዋ ለዶኛ ፓስኳላ ስጣት፤ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ትመላለሳለች፤ ከፖስታ ቤቱ እሷ ትፈጥናለች።

የምትወድህ እህትህ፣
ባሲልያ


ቦነስ አይረስ፣ ጁላይ 9 ቀን 1992

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ባሲልያ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ የእማማንም ዕድሜ ያርዝምልን። እኛ ደህና ነን። ሥራ አለ።

ስለ ቧንቧው አዘንኩ። በዶኛ ፓስኳላ እጅ መቶ ሃምሳ ፔሶ ልኬያለሁ። ጥሩ ባለሙያ ቅጠሩና የቀረውን እሱ ያውቃል። እኔ ከቆፈርኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በየት በኩል እንደሚሄድ አላስታውስም። አሮጌውን ትታችሁ አዲስ በግድግዳው ላይ ብታስዘረጉስ? መቆፈሩ ምን ያደርጋል?

እማማን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ፈርሚን


ኦሩሮ፣ ጁላይ 17 ቀን 1992

ውድ ወንድሜ፣

አንተን በጤና ያቆየ አምላክ ትዝታህንም ይመልስልህ! በሰባት ዓመትህ የሰረቅኸውን የጉሜርሲንዳን ዶሮ ቀለም ታስታውሳለህ፤ አንድ ወር ሙሉ የቆፈርከውን ቦይ ረሳሁት ትላለህ። ይሁን። ብሩ ደርሷል፤ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አልጠየቅኩህም ብዬህ ነበር።

አዲስ በግድግዳው ላይ ይዘርጉ አልክ። በኦሩሮ ውርጭ? ውጭ የተዘረጋ ቧንቧ እስከሚቀጥለው ጁን አይቆይም። አንተ ልጅ፣ ያደግህበትን ብርድም ረሳኸው ማለት ነው?

ዶን ዜኖን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። ጸጥ ያለ፣ ጉንጩ ከኮካ ቅጠል የማይለይ ሰው ነው። ከበሩ እስከ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሲባጎ ወጠረና "ሰው ቧንቧ ሲቀብር ቀጥ አድርጎ ነው" ብሎ በሲባጎው ሥር ሦስት ቦታ ቆፈረ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ማንኪያ ወጣ። ከሁለተኛው የአሻንጉሊት ክንድ፤ የኔ ነው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንተን ስጠረጥርህ የኖርኩበት! ከሦስተኛው ላይ ዶማው "ቃ!" አለና ተመለሰ። አለት ነው፣ እንደ በሬ ጀርባ የሰፋ።

"ወንድምሽ እዚህ ሲደርስ ዞሯል" አለ ዶን ዜኖን። "ውሃ ከፈነዳበት ርቆም ይወጣል፤ በግራ ይሁን በቀኝ እሱ ይወቅ። ግቢውን ሁሉ ካረስኩት ቤቱ ራሱ ከጉድጓዴ ውስጥ ይገባል።"

ይኸውልህ፣ ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባባ ምድር የቆፈረ ሁሉ ለእናት ምድር የሚቀብረውን መባ ገዝቶ ሰጥቶህ ነበር። እሑድ ከማዕድኑ ሲመለስ ሾርባ እየቀዳሁለት "መባውን አኖርከው?" ሲልህ፣ "አዎ፣ ቧንቧው ከሚታጠፍበት ላይ" አልከው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ መታጠፊያ አለ፤ መባውም እዚያ ነው። ዶን ዜኖን ደግሞ የተቀበረ መባ በዶማ መምታት አይፈልግም፤ እኔም አልፈልግም። ግራ ነው ቀኝ? መባውስ ምን ያህል ይርቃል?

እማማ ይህን ስነግራት ምን እንዳለችኝ ልንገርህና ሳቅ። "ስለ መባው ልጁን አትጠይቂው" አለችኝ። "ለምን?" ስላት ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከእርጅና ነው መሰለኝ።

እርጥበቱ አልጋዋ ራስጌ ደርሷል።

ባሲልያ


ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 1 ቀን 1992

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ባሲልያ፣

በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለመጻፍ ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ የትምህርት ቤት ልብስ ትእዛዝ በዝቶብን ነበር።

አስቤበታለሁ። ቤቱ አርጅቷል። ለምን አትሸጡትም? እናንተን ከገበያው አጠገብ ሁለት ክፍል እከራይላችኋለሁ፤ በየወሩም እልካለሁ። ለእማማ ወፍራም ካፖርት ልኬያለሁ፤ የሰፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሌላም መቶ ፔሶ አለበት።

አባባ የሞተው ቧንቧው በገባ በአራተኛው ወር መሆኑን አስበሽ ታውቂያለሽ? እንዲሁ ነው ያነሳሁት።

ፈርሚን


ኦሩሮ፣ ኦገስት 8 ቀን 1992

ፈርሚን፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ግድግዳው ጊዜ አይሰጥም። ጤና ይስጥህ፤ በቃ።

ማክሰኞ ወደ ስልክ ቤት ሄጄ ተሰልፌ ደወልኩልህ። አንዲት ሴት አነሳችና "ወጥቷል" አለችኝ። ከኋላዋ ሳልህን ሰማሁ! አንተ ልጅ፣ ያንን ሳል ከስድስት ወርህ ጀምሮ በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ፤ ለኔ ይጠፋኛል? "የወጣው ሰውዬ ጉሮሮውን ማር ይቀባ በይልኝ" ብዬ ዘጋሁት። ወጥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ቤት ስደርስ ግን አላሳቀኝም።

ግድግዳው ተሰንጥቋል። ባለፈው ሳምንት ጣቴ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ጭብጤ ገባ። ዶኛ ጉሜርሲንዳ በአጥሩ በኩል አይታ "ካፒታን፣ ጓሮዬ ያሉትን ሁለት ምሰሶዎች ይምጡና ይውሰዱ በላቸው፤ አሮጊቷ ከሞተችብኝ ከማን ጋር እኮራረፋለሁ?" አለች። በነሱ ደግፈነዋል። እማማ ከምሰሶዎቹ መሃል ካፖርትህን ለብሳ ተቀምጣ እንደ ንግሥት ሰው ትቀበላለች። ልክክ ብሎላታል። ቤቱን ግን አትሸጥም፤ ስነግራት አልሰማሁም አለች፤ ስትፈልግ ትደነቁራለች።

ይኸውልህ ጭንቀቴ። ኦገስት ገብቷል። በኦገስት ምድር አፏን ከፍታ እንደምትራብ ላንተ አልነግርህም። ዶን ዜኖን ዶማውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቁጭ አለ። "የበፊቱ መባ የት እንዳለ ካወቅኩ ለሱ አልኮል አፍስሼ፣ ይቅርታ ጠይቄ እቆፍራለሁ። ጭራሽ የለም ከተባለም አዲስ አዘጋጃለሁ። ሳላውቅ ግን አልነካትም፤ ልጆች አሉኝ" አለ። ልፈርድበት አልችልም።

ስለዚህ ብር አትላክ። ካፖርትም አትላክ። ሣጥኑ ሞልቷል፤ የጎደለኝ አንድ ቃል ነው። ግራ ወይስ ቀኝ? መባውስ አለ? ስለ አባባ ያነሳኸው አልገባኝም፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው "እንዲሁ ነው ያነሳሁት" ሲል እንዲሁ አይደለም።

ባሲልያ


ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 15 ቀን 1992

እትዬ፣

በግራ ነው። ከአለቱ በስተግራ ዞሮ በእማማ መስኮት ሥር ያልፋል። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ መጋጠሚያው አለ። ይህን ለመጀመሪያው ደብዳቤሽ መመለስ እችል ነበር።

ያልመለስኩት መባው እዚያ ስለሌለ ነው።

አባባ ጥቅሉን በእጄ ሰጥቶኝ "እኔ ለሳምንት ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ልወርድ ነው። አርብ ዕለት አዋቂውን ታታ ቲቡርሲዮን ጥራና ይባርክልህ፤ ከዚያ ድፈነው" አለኝ። አርብ ዕለት በሰይጣን ጭምብል ለካርኒቫል የሚጨፍረው ቡድናችን የመጀመሪያ ልምምድ ነበረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከወታደር ቤት ከወጣሁ ገና ሦስት ወሬ፤ የሽማግሌ ነገር ሁሉ ያስቀኛል። ማንንም ሳልጠራ ቦዩን ደፈንኩና ጥቅሉን በጃኬቴ ሥር ይዤው ሄድኩ። ከጓደኞቼ ጋር ፈታነው። የምድርን ከረሜላ በላነው። አልኮሏን ጠጣነው። የደረቀውን የላማ ጽንስ እንጨት ላይ ሰክተን ስናስጨፍረው ዋልን፤ ከዚያ የማዕድኑ አፈር ክምር ላይ ወረወርነው። እሑድ አባባ ጠየቀኝ፤ "ከሚታጠፍበት ላይ" አልኩት።

በአራተኛው ወር ሞተ። ስትፈልጉኝ ጭምብል አድርጌ እየጨፈርኩ ነበር፤ ሰው ጭምብሌን በግድ ገፍፎ ነው የነገረኝ። ምድር እኔ የቀማኋትን ከአባቴ ተቀበለች። ለዚህ ነው ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት የሄድኩት። ለዚህ ነው ያልተመለስኩት። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ቆፍራችሁ ባዶ ሆኖ እማማ ከምታይብኝ ቤቱ ቢፈርስ ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ፤ እሷ ውስጡ ተኝታ እያለች። ወንድምሽ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ለዶን ዜኖን ንገሪው፤ መባ የለም፤ አዲስ ያዘጋጅ። ለእማማ አትንገሪያት።

ፈርሚን


ኦሩሮ፣ ኦገስት 23 ቀን 1992

ለከረሜላ በላተኛው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ቦነስ አይረስ ያለውን አውቶቡስ ሁሉ ይሙላ! መርፌህን አስቀምጥና ወንበር ስበህ ተቀመጥ፤ ቆመህ የሚነበብ አይደለም።

ደብዳቤህን አነበብኩ፤ አለቀስኩ፤ አጥፌ ጡቴ ሥር ሸሸግኩት። ለእማማ አልነገርኩም። ለዶን ዜኖን "መባ የለም" ብቻ አልኩት። እሱም አልጠየቀኝም። ሐሙስ ዕለት አዲስ ጥቅል አዘጋጅቶ፣ አልኮል አፍስሶ፣ ቅጠሉን በትኖ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ዶማውን አነሳ።

ገና ክንድ ሳይሞላ "ቃ!" አለ። ደግሞ አለት መስሎኝ ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ሰው ያስቀመጠው። በአካፋ ፈንቅሎ ሲያነሳው ከሥሩ ምን ወጣ መሰለህ? ጎኑ የረገፈ፣ አናቱ የተሰረጎደ፣ ከቆዳ የተሠራ የማዕድን ቆብ! ከቆቡ ሥር ደግሞ ባለቀለም ሱፍ፣ የደረቀ ሞራ፣ ትንንሽ አጥንት፣ አንድ የአልኮል ጠርሙስ ከነክዳኑ። ሙሉ መባ፣ ፈርሚን! አንድም ሳይጎድል!

ዶን ዜኖን ባርኔጣውን አወለቀ። "የለም አላልሽኝም ነበር?" አለኝ።

ቆቡን በውሃ አጠብኩት። በቀይ ቀለም የተጻፈው 318 አሁንም ይነበባል። የአባባ ቁጥር። ወስጄ እማማ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። በጣቷ ዳሰሰችው፣ ዳሰሰችውና፣

"ይቺ ጉሜርሲንዳ፣ ለካ አልሰረቀችም!" አለች።

"እማማ፣ ይህን ቆብ እዚያ ማን አስገባው?"

"ማን ያስገባዋል? አባትሽ ነዋ። አንድ እሑድ ራሱን በሻሽ አስሮ፣ ጉልበቱ አፈር በአፈር ሆኖ ገባ። ምን ሆነህ ብለው፣ 'ቲቡርሲዮን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ልጅህ አልጠራኝም አለኝ። እኔው አስተካከልኩት' አለ።"

"አልተቆጣም?"

"እኔ ነኝ የተቆጣሁት! ልግረፈው ብለው፣ 'ተይው፤ ልምምድ ላይ ነው፤ ይጨፍር። አትንገሪውም' አለኝ። ቆቡን እዚያ መድፋቱን ግን አልነገረኝም። ብነግራት አዲስ አትገዛልኝም ብሎ ይሆናል።"

"ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽው?"

"አትንገሪው ነዋ ያለኝ" አለች፤ ይኸው ነው መልሷ! ሳቅም ለቅሶም አቃተኝ። እሷ ዝም ያለችው አንተ ሳታውቅ እንድትጨፍር ነው፤ አንተ ዝም ያልከው እሷ እንዳታውቅ ነው፤ መሃል ላይ እኔ በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ!

ገና አላለቀም፤ ተቀመጥ። ስለ አራተኛው ወር ጠየቅኳት፤ የጻፍከውን ሳልነግራት፣ እንዲያው ዞር አድርጌ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ፣ አንተ ወታደር ቤት እያለህ፣ ሐኪሙ ለአባባ "ሳንባህ ድንጋይ ሆኗል፤ አንድ ዓመት መቆየትህን እንጃ" ብሎት ነበር። ቧንቧውን ያስቆፈረህ ለዚህ ነው፤ እማማ ብቻዋን ስትቀር ውሃ ከአደባባዩ እንዳትሸከም። አንተ ዶማ ሳታነሳ፣ ከረሜላው ሳይገዛ፣ እሱ መሄጃውን ያውቅ ነበር። ምድር ባንተ ምክንያት የወሰደችው ሰው የለም፤ ያንተን ድርሻ አባባ ከፍሎላታል፤ በገዛ ቆቡ።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልሳቅብህ። ዶን ዜኖን ድንጋዩን ሲያገላብጥ ቆየና "የፈነዳው ከዚህ ነው" አለ። ለካ ቆቡ ሲበሰብስ ድንጋዩ ዝቅ እያለ፣ ዝቅ እያለ መጋጠሚያው ላይ ሰፍሯል፤ ሲጫነው ኖሮ የዘንድሮ ውርጭ ጨረሰው። አየህ? አባባ ይቅር ብሎሃል፤ ግን ይቅርታውን ቧንቧው ላይ ነው ያስቀመጠው! ማዕድን ቆፋሪ እንጂ የቧንቧ ሠራተኛ አልነበረማ።

በላክኸው ብር አዲስ ቧንቧ ገዛን፤ ከትናንት ጀምሮ ውሃው በአፉ ይወርዳል። ግድግዳው በምሰሶው ቆሞ እየደረቀ ነው። ዶኛ ጉሜርሲንዳ ጩኸታችንን ሰምታ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ካፒታን፣ እዚያ ቤት ምን ተገኘ በላቸው" ስትል፣ እማማ በመስኮቱ "ውሻውን ተይውና ራስሽ ገብተሽ እዪ፤ በድዬሻለሁ" አለቻት። ገባች። ካፒታንም ተከትሏት ገባ፤ ሥራ ፈት መሆኑ ነው። እስከ ማታ ቁጭ ብለው የሃያ ሁለት ዓመት ሐሜት ተካካሱ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጉድጓዱ አልተደፈነም። የአባባን መባ እንዳለ ወደ ጉድጓዱ መልሰነዋል፤ አሁን ግን ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ ነው። ሳልፈልግ ስለ ከረሜላው ለዶን ዜኖን አመለጠኝ፤ ምላሴን ታውቀዋለህ። ሰማና "የሰው ዕዳ ሰው ከፈለለት፤ የበላው ግን አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ያጉርሳት። ኦገስት እስኪያልቅ አፏ ክፍት ነው፤ እጠብቃለሁ" አለ። ሰኞ ሠላሳ አንድ ነው።

እማማ ከመስኮቷ ጉድጓዱን ስታይ ትውላለች። ዛሬ ጠዋት "ሰው ይገባበታል፤ ልድፈነው?" ብላት "ተይው" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ "በአውቶቡስ ስንት ቀን ነው?" አለች። ዞር ስል ካፖርትህን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር።

እህትህ ባሲልያ


ቴሌግራም
ከቦነስ አይረስ ወደ ኦሩሮ፣ ኦገስት 26 ቀን 1992

ጉድጓዱን አትድፈኑት። ቅዳሜ እገባለሁ። ከረሜላውን እኔ ይዣለሁ። ፈርሚን